የእናቴ ስልክ ድምፅ አያስገባም

ከወረታ የወጣሁ ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ለማያውቃት ሰው ይህ ተራ ነገር ነው፤ የሰፈራችን ሰው ግን ሰምቶ አላመነም። እናቴ እትዬ የሺሐረግ በፎገራ ሜዳ ሰው በሞተ ቁጥር የምትጠራ፣ ይፋግ ድረስ በቅሎ እየተላከላት የምትሄድ፣ በዓይኗ አይታው የማታውቀውን ሟች ሳይቀር አንጀት በሚበላ ሙሾ የምትሸኝ አልቃሽ ነበረች። ለአገር ምድሩ ያነባች ሴት ለገዛ ልጇ እንባ ነሳች ተባለ። እኔም በር ላይ ቆሜ፣ «እማ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ለቆመ ሰው አይለቀስም፣ ሟርት ነው» አለችና የጃኬቴን ዚፕ እንደ ሕፃን እስከ አንገቴ ድረስ ሳበችልኝ። «ይልቅ ድምፅህን አታጥፋብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ።»

አባቴ ላሞቹን የሚያስሩ መስለው ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ላሞቹ ግን ከታሰሩ ቆይተዋል። እንደ ሰው ያለቀሰችው ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ብቻ ነበረች፤ እሷም አፍንጫዋን እየሳበች ስንቄን ትቋጥራለች፣ መልሳ ትፈታለች፣ እንደገና ትቋጥራለች። ለምን እንደወጣሁ አልነግራችሁም፤ አገር ቤት ያላችሁት ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

በረሃውንና ባሕሩንም አልተርክም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ልጇ መንገድ ላይ ያለባት እናት ደግሞ ሰምታ እንቅልፍ ከምታጣ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲሆን እናቴን በታንኳ ወደ ለቅሶ ቤት የማሻግራት እኔ ነበርኩና ውሃ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የርብ ውሃ ጭቃና ከብት ይሸታል። ያኛው ናፍጣ ነበር የሚሸተው፣ ማዶውም አይታይም።

እንዲህ እንዲህ ብዬ ጀርመን ገባሁ። ስደተኛ የሚመረምረው ሹም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠየቀኝ።

«አገርህ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሩዝ አመርት ነበር።»

አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ጤፍ በል። ሩዝ ካልክ ዋሸ ይሉሃል» አለኝ።

«እንዴ! የፎገራ ሰው ሆኜ ለምን ጤፍ እላለሁ? ያመረትኩት ሩዝ ነው።»

ሹሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲፈልግ ቆየና ያገኘው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ሩዝ ካላችሁ ታዲያ ለምን ተራባችሁ?»

«አልተራብኩም ጌታዬ።»

«ካልተራብክ ለምን መጣህ?»

 ብቻ ብዙ አመላልሰው የመኖሪያ ወረቀቱን ሰጡኝ።

የደረሰችኝ ከተማ ስፋቷ ሐሙሲትን ታክላለች። ሐሙሲት ላይ አውቶቡስ ሲቆም የሚሆነውን አስቡት፤ ሎሚ ሻጩን፣ ረዳቱን፣ ጥሩንባውን፣ ጣራ ላይ የታሰረውን ፍየል። ያን ሁሉ ቀንሱና የቀረው ይቺ ከተማ ናት። አበሻ የሚባል የለባትም። ዳቦው ደህና ነው፣ ወተቱ ግን ውሃ ነው፤ የፎገራ ላም ወተት የጠጣ ሰው እዚህ ወተት ጠጣሁ ቢል ውሸቱን ነው። ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ሲሆን አብረውኝ የሚሠሩት ሰላም ይሉኛል፣ ከሰላምታው በኋላ ግን ወሬ የለም። እንዴት አደርክ፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ዝናቡስ፣ የሚል የለም።

አከራዬ ፍራው ቤከር ይባላሉ፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። ባልቴት ናቸው፣ ከእሳቸው ፎቅ በላይ ያለችውን ክፍል ነው ያከራዩኝ። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት «ሩሄ» አሉኝ። ሩሄ ጸጥታ ነው። ማታ ሩሄ፣ ከምሳ በኋላ ሩሄ፣ እሑድ ሙሉ ቀን ሩሄ።

«ያ ሳጥን ምንድን ነው?»

«ስፒከር ነው። ሙዚቃ እቀዳለሁ።»

«እዚህ ቤት ሙዚቃ በኮፍሆረር ብቻ ነው» አሉ፤ ማዳመጫ ማለታቸው ነው።

«እሺ፣ የሚሰማውን በማዳመጫ እሰማለሁ። ስዘፍንስ?»

ትንሽ አሰቡና፣ «ስትዘፍንም በኮፍሆረር ዝፈን» አሉኝ።

እንደ እኔ በሰው አገር ጓዳ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ የምትዘፍኑ ወንድሞቼ፣ ይቺን ነገር ታውቋታላችሁ። እኔ ዘፋኝ ነኝ አልልም። ነገር ግን አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና የመቅጃ ፕሮግራም ገዛሁ፣ ምክንያቱም አንድ ሐሳብ ይዞኝ ነበር። የእናቴን ድምፅ አስገብቼ፣ ከሥሩ ክራር መሰል ነገር አድርጌ፣ አንድ ዘፈን ልሠራ። ሁለት ግጥም ብቻ። ለዚህም ብዬ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ስልክ ላኩላትና በድምፅ አስተማርኳት፤ «እማ፣ ቀይዋን ንኪና በይ፣ ስትጨርሺ ቀይዋን ድገሚ።» አባቴ ሲስቁ ከበስተኋላ ይሰማኛል።

የመጀመሪያዋ ግጥም ኢንተርኔት መጣ በተባለ ቀን ደረሰችኝ። ጥሩወርቅ ናት ከተማ ወጥታ የላከችልኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ ከተትኳትና ተጫወች አልኩ። ድምፁን የሚያሳዩት አረንጓዴ መስመሮች ይዘላሉ፣ ይወርዳሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ማዳመጫውን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ድምፁን እስከ ጣራው ከፈትኩ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። የሸጠልኝን ሰው እስከ ሰባት ዘሩ ረገምኩ። እናቴ ፊቴ ላይ አፏን ከፍታ እየዘፈነች የማልሰማት ሆኖ ተሰማኝና፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ነገሩ ኋላ ተገለጠልኝ። ኮምፒዩተሩ በራሱ ሴቲንግ ድምፁ በማዳመጫ ይውጣ ብሏል። ፕሮግራሙ ግን የራሱ ሴቲንግ አለው፣ እዚያ ውስጥ የድምፅ መውጫው ተብሎ የተመረጠው ፍራው ቤከር የሰጡኝ አሮጌ ስክሪን ነበር። ስክሪኑ ደግሞ ስፒከር የለውም። የእናቴ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ወደ ድዳ መስተዋት ሲፈስ ውሏል። ስለዚህ ስሙኝ፤ እንዲህ ሲገጥማችሁ ኮምፒዩተሩን ብቻ አትመኑ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብታችሁ መውጫውን ለብቻው ምረጡ። ድምፅ አይጠፋም፣ በተሳሳተ በር ይወጣል እንጂ። ያን ቀን ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ያዝኩት።

መውጫውን መረጥኩና እናቴ ጆሮዬ ውስጥ ገባች።

ክረምቱ ገባና ርብ ሞላ ተባለ፣
እኔን ያሻገረኝ ልጄ ወዴት አለ።

ደወልኩላት። «እማ፣ ለቆመ ሰው አይለቀስም አላልሽም?»

«ይህ ለቅሶ ነው ያለህ ማነው? እንጉርጉሮ ነው» ብላ ሳቀች። ሁለተኛዋንስ ብላት፣ «ግጥም እንደ ጥጃ ገመድ አስረው የሚጎትቱት አይደለም። ሩዙ ታርሞ ይለቅ፣ ትመጣለች» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ከረመ። መልሶ ሲመጣ የእናቴን ስልክ ያነሳችው ጥሩወርቅ ናት። እማ ጣራ ገዳም ለሱባኤ ወጥታለች አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ጉልበቷ ዳገት ከቻለ ደህና ናት ማለት ነው አልኩ። በሌላ ቀን ስደውል ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል ተባልኩ። በሌላ ቀን ደግሞ፣ «እማ አጠገቤ ናት፣ ግን ስልኩ ድምፅ አያስገባም» አለችኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእህቴ ውሸት ግን እያደር ከበዳት እንጂ አልቀለላትም፣ ይህን አሁን ነው ያወቅሁት።

ያን ጊዜ እናቴ ከተቀበረች ሰንብታ ነበር።

የማታውቁ ካላችሁ፣ በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የምትጠነክረው ደግሞ እናቴ ራሷ ነበረች። «ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ልቡ ቢከዳው ማን ይደግፈዋል?» ትል ነበር። እናም ሽማግሌዎቹ በእሷው ቃል ፈረዱ። እኔን አስማማውን የሚያረዳ የአገር ሰው አጠገቤ እስኪገኝ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። እኔ ያለሁባት ከተማ ግን አበሻ የለባትም። ሰው ሲፈለግ፣ እህቴ ስልኩን ይዛ ቀረች።

እኔ ደግሞ ድምፅ አይጠፋም የምል ጠቢብ ሆኛለሁ።

«ጥሩዬ፣ ቀይዋን ነክታ ትበልና ላኪልኝ» አልኳት። አንድ ቅጂ ላከችልኝ። ፕሮግራሙ ውስጥ ስከተው መስመሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ድምፁን አጎልቼ፣ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ይዤ አዳመጥኩ። ከሩቅ ጥጃ ይጮኻል። ከቅርብ ደግሞ የሆነ ሰው አፍንጫውን ይስባል። ጉንፋኑ ወደ ጥሩወርቅም ተጋባ አልኩ፣ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ እህቴን አስጨነቅኋት። በራሷ ስልክ እያናገረችኝ የእናታችንን ስልክ በሌላ እጇ ይዛ፣ እዚህ ግቢ፣ ያንን ንኪ፣ ማይኩን ፍቀጂለት፣ አጥፊና አብሪው። ሁሉንም ታደርጋለች። ያን ሁሉ ለምን እንደታዘዘችኝ ኋላ ገባኝ። እምቢ ብትል እጠረጥራለሁ ብላ ነው።

«አሁን ይሰማል?»

«አይሰማም፣ አስሜ።»

«በይ የመጨረሻውን እናድርግ። ሁሉንም ደምስሶ እንደ አዲስ የሚያስጀምረውን ፈልጊ።»

«ሁሉንም ያጠፋል ይላል እኮ።»

«ምን አለበትና ነው? እማ ጥሪ ከማንሳት በቀር በስልኩ ምን ታደርግበታለች?»

«ፎቶዋ አለበት።»

«ፎቶዋ እኔም ጋ አለ፣ እልክልሻለሁ። ምነው ዛሬ ፈሪ ሆንሽ? ንኪው ስልሽ ንኪው!»

ነካችው። ስልኩ ተዘግቶ እስኪከፈት አብረን ጠበቅን። ደጋግሜ «እስኪ አሁን እማን ስጫት» እላለሁ። እህቴ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ «አሁንም አይሰማም» አለችና ስልኩን ዘጋችብኝ። ተናደድኩባት። ዕቃ አያያዝ አታውቅም ብዬ ተናደድኩባት!

ሊያረዱኝ የተላኩት ሰዎች የመጡት በአንድ ብርዳም ጠዋት፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። በሰንሰለት፣ ከወረታ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጀርመን፣ ሰው ሰውን ጠይቆ፣ ሩቅ ከተማ ታክሲ የሚነዱ የሐሙሲት ተወላጅ ተገኙ፤ ጋሼ ፈንታሁን። ሁለት ሴቶች አስከትለው በባቡር መጡ። ነጠላቸውን ካፖርት ላይ አዘቅዝቀው ለብሰው ግቢው ውስጥ ሲቆሙ ፍራው ቤከር በመስኮት አይተው ሌባ መሰሏቸው። ወርደው ጠየቁ። ጋሼ ፈንታሁን በጀርመንኛ አስረዷቸው፤ እናቱ ሞታለች፣ ልንነግረው ነው የመጣን።

«ታዲያ ስልክ የለውም እንዴ?» አሉ ፍራው ቤከር።

ስለዚህ እናቴ መሞቷን ከእኔ ቀድመው የሰሙት አከራዬ ናቸው። በሬን ስከፍት ከሦስቱ አበሾች በስተኋላ በሌሊት ልብሳቸው ቆመው ነበር፣ ፊታቸውን ሳይ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። ነጠላው እንዴት እንደተለበሰ ያየሁት ቀጥሎ ነው። ጋሼ ፈንታሁን ትከሻዬን ያዙና፣ «ልጄ፣ እንግዲህ የወንድ ልጅ ነገር... እናትህ አርፈዋል። ወባ ነው ተብሎ፣ ብዙም ሳይተኙ። እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ።

ጮኽኩ። እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ድምፄ ከግድግዳው ሲጋጭ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፍራው ቤከር ሩሄ ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ሰዓታቸውን አዩና፣ «እስከ ምሳ ድረስ ይቻላል» አሉ። ከዚያ ወርደው ሁለት ወንበር ተሸክመው ተመለሱ።

ሴቶቹ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ነገር ግን ሙሾ የሚያወርድ አልነበረም። ጋሼ ፈንታሁን አገር ከለቀቁ ረጅም ዘመናቸው ነው፣ ግጥሙ ጠፍቷቸዋል። ሴቶቹም የከተማ ልጆች ናቸው። የአልቃሽ ለቅሶ ያለ አልቃሽ ሊያልፍ ነው! ይህን ሳስብ ተነስቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። «ድምፅዋ አለኝ» አልኳቸው።

ተጫወች አልኩ። አረንጓዴዎቹ መስመሮች ዘለሉ፣ ቤቱ ጸጥ። አራት ሰው አፉን ይዞ ስክሪኑን ያያል።

«ማሽኑ ድዳ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ ፈንታሁን ቀስ ብለው።

ሴቲንጉ ውስጥ ገባሁ። መውጫው ማዳመጫ ላይ ነው። ስፒከሩን መረጥኩ፣ ያን ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያልመረጥኩትን። እናቴ ሙሉ ድምፅዋን ይዛ ክፍሉ ውስጥ ቆመች። ርብ ሞላ ተባለ፣ እኔን ያሻገረኝ ልጄ ወዴት አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ።

ፍራው ቤከር ጋሼ ፈንታሁንን፣ «ምን እያለች ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ወንዙ ሞላ፣ የሚያሻግረኝ ልጄ የት ነው? ነው የምትለው።»

«የት ነበር?»

«እዚህ ነዋ። እርስዎ ቤት።»



እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አገር ቤት ደወልኩ። ጥሩወርቅ አነሳችና ስልኩን ለአባቴ ሰጠቻቸው።

«አባቴ፣ እንዴት ሆኑ?»

«አለሁ። አንተ ተረዳህ? ሰው አጠገብህ ነበር?»

«ነበሩ። የሐሙሲት ሰው ናቸው።»

«ተመስገን። እሷም ይህንኑ ነበር የምትለው» አሉ። «እኔ ድምፅዋ ናፈቀኝ» ብለው ጨመሩ። አባቴ በዕድሜያቸው ናፈቀኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «እስኪ አሰማኝ።»

ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠግቼ ግጥሟን አጫወትኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። ሁለተኛዋንም ልቀቅልኝ።»

«ሁለተኛዋ?»

«አዎ፣ ከመታመሟ በፊት ያለቻትን። ኢንተርኔት በሌለበት ሰሞን ነው፤ ሩዙ ማሳ ዳር ብቻዋን ተቀምጣ ቀይዋን ነክታ አለቻት። እኔ ከከብቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ስለነበር አልሰማኋትም፤ ምን አልሽ ብላት እሱ ሲሰማ ትሰማለህ አለችኝ። መስመር ሲመጣ ጥሩወርቅ ትላክለት አለች፣ በዚያው ወደቀች። እኔም በለቅሶው መናገሩን ረሳሁት። ኋላ ግን ጥሩወርቅ ስልኩን ይዛ ስትነካካ ስታመሽ ሳያት፣ ያቺን ግጥም አግኝታ እየላከችለት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደርሳሃለች አይደል?»

ከአባቴ አጠገብ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ንኪው ያልኩትን፣ እሷ የነካችውን፣ ለአባቴ በምን አፍ ልንገራቸው? ሚስታቸውን ለቀበሩ ሽማግሌ ሌላ መርዶ በስልክ ይነገራል?

«ደርሳኛለች አባቴ» አልኩ።

«በል ልቀቃታ።»

ላፕቶፑ ላይ ምንም ሳልነካ ተቀመጥኩ። አባቴ ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠበቁ እንደሆነ ይሰማኛል።

«አልተሰማኝም፣ አስማማው።»

«ስልኩ ነው አባቴ። ድምፅ አያስገባም።»

«እንዴ፣ አሁን የመጀመሪያዋን አስገብቶ አልነበር? በል እስኪ ነካካው፣ አንተ ታውቅበት የለ። እኔ እንደሁ የትም አልሄድ፣ እጠብቃለሁ።»

«እየነካካሁት ነው» አልኳቸው። ከበስተኋላቸው ጥሩወርቅ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።